ከዳንግላ የሚታየው ግቢ

እንጅባራ
ሐምሌ 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ በለጡ
ዳንግላ

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ዳሌዎ እንዴት ሆነልዎ? ማርታ ስደውልላት ምርኩዙን ጥለው ከአልጋ እስከ በር ሄዱ ብላ ነገረችኝ። ይህን ያህል የምሥራች ከእርስዎ እጅ ሳይሆን ከምራትዎ አፍ መስማቴ ቅር አሰኝቶኛል፤ ይወቁልኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ይቻላል። ካሜራውን ግቢዎ ውስጥ ባለው በሱቄ የጀርባ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ከዚያ ሆኖ የቤትዎን ደጃፍ፣ ማድቤቱን፣ የቀርከሃ አጥሩንና የግቢውን በር ያያል። ድምፅ ግን የለውም፤ ምስል ብቻ ነው። እርስዎም ዳንግላ ጢሞቲዎስ ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ከፍተው ያዩታል።

የሚያስቸግረው ካሜራው አይደለም፤ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ራውተሩ ነው። ኢንተርኔት ቤቴ ከውጭ ለሚመጣ ሰው አንድ አድራሻ ብቻ ነው ያለው። ውስጥ ግን ኮምፒውተሮቹም፣ ማተሚያውም፣ አሁን ደግሞ ካሜራውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የውስጥ ቁጥር አላቸው። ከዳንግላ የመጣ ጥያቄ ራውተሩ ደጃፍ ላይ ይደርስና ወዴት እንደሚገባ የሚነግረው ያጣል፤ ይመለሳል። ስለዚህ ለራውተሩ ትእዛዝ እጽፍለታለሁ፦ ከውጭ መጥቶ ከአድራሻው ጫፍ ላይ 8080 የሚል ቁጥር የያዘውን ሁሉ፣ መድረሻውን ቀይረህ ወደ ካሜራው ላከው። ያለዚያች የጫፍ ቁጥር የመጣ ሰው አይገባም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የካሜራው የውስጥ ቁጥር እንዳይቀያየርም አንድ ቦታ አስረዋለሁ።

የፈራሁት ጢሞቲዎስን ነው። ታላቄ ነው፤ ትምህርት ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። በናትና በልጅ መካከል ገባሽ እንዳይለኝ።

አክባሪዎ
ኑኃሚን


ዳንግላ
ሐምሌ 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ኑኃሚን፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤ ከመጻፍ በስልክ መልእክት ልላክላቸው ብለሽ ለማርታ የነገርሻትን ተይው። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሳነብ ራሴን ያመኛል። ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ የቀረኝ ዓይኔ ነው፤ እሱን በዚያ አላደክመውም። ደርበው በሚኒባሱ ጠዋት ማታ ከቆሰበር ዳንግላ ይመላለስ የለ? አንድ ወረቀት አይከብደውም።

ቆሰበር ማለቴን አልተውም፤ እናንተ እንጅባራ በሉት።

ያን ራውተርሽን ወደድኩት። እኔን ነው እኮ የጻፍሺው! የስልክ ማዞሪያ ቤቱ ውስጥ ወጣትነቴን የጨረስኩት ሌላ ምን ስሠራ ነበር? ከባሕር ዳር ሆኖ ቆሰበርን ስጡኝ የሚል ሁሉ የሚያገኘው እኔን ነው። ጤና ጣቢያውን ካለ ገመዱን ጤና ጣቢያው ላይ እሰካለሁ፤ ፖሊሱን ካለ ፖሊሱ ላይ። ከባሕር ዳር የሚደውለው ሰው ማን የት እንደተቀመጠ አያውቅም፤ የማውቀው እኔ ነኝ። ጆሮዬንም የበላው ያ ማዳመጫ ነው። አሁን አንቺ ያን ሥራ ለቆርቆሮ ሳጥን ሰጠሽው። ይሁን፤ ደመወዝ አይጠይቅሽም።

ጢሞቲዎስን አትፍሪ። ነገሩን ግን ከሥሩ እወቂው። ልጄ ቤቴን ሊሸጥ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጭቃ ላይ ወድቄ ከተሰበርኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ነው። «ቤቱ አርጅቷል፣ ማድቤቱ ሊወድቅ ነው፣ እዚያ ብቻሽን ትሞቻለሽ» ይለኛል፤ ከንፈሩን እያየሁ አነበዋለሁ። «ሳላይ አልፈርምም» አልኩት። ሳቀ። «በዚህ መንገድ አንቺን በመኪና ማንገላታት አይሆንም። ኑኃሚን በካሜራ ካሳየችሽ ግን እሺ። ቤቱ ለሰው የሚሆን ከሆነ ትመለሻለሽ፤ ካልሆነ ትፈርሚያለሽ» አለኝ። ማርታ ምስክሬ ናት። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ነገሩ ይቆረጣል።

እኔም እሺ ብያለሁ። ባልተቤቴ በእጁ ያቆመውን ቤት በሰው ወሬ አልሸጥም። እዚህ ምግቡም አልጋውም መልካም ነው፤ የምኖረው ግን ሰው ቤት ነው። በራሴ ደጃፍ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

ደግሞ እወቂ፤ ደርበው ደብዳቤሽን የሚያወርደው ጢሞቲዎስ ሱቅ ነው፤ የኔንም የሚልከው እሱ ነው። አንብቦ ነው የሚያቀብለኝ። ያንብብ! ጢሞቲዎስ ሆይ፣ እዚህ ላይ ስትደርስ እናትህ እንደምን ዋልክ ብላሃለች።

አክስትሽ
በለጡ


እንጅባራ
ሐምሌ 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ አፍሬያለሁ።

ካሜራው ተሰቅሏል። ጎረቤትዎ ወገኔ መሰላል ይዞልኝ ገመዱን በጣሪያው ሥር አሳለፍነው። ትእዛዙንም ራውተሩ ላይ ጻፍኩ፤ ደጋግሜ አየሁት፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ግን አይከፈትም። በውስጥ ቁጥሩ ስጠራው ግቢው ቁልጭ ብሎ ይመጣል። እናንተ በምትጠሩት በውጭው አድራሻ ስጠራው ግን ዝም። በሱቁ ኮምፒውተሮች ሁሉ ሞከርኩ፤ በስልኬም ሞከርኩ። ያው ነው።

ጢሞቲዎስም ትናንት ደውሎ «እዚህ ምንም የሚታይ የለም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ደስታ ያለ መሰለኝ፤ ይቅር ይበለኝ። «አትልፊ፤ እንጅባራ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም» ሲለኝ ግን ፍርሃቴ ሁሉ በነነ። ለምን አይሠራም? ኢንተርኔቱ ያው ነው፣ ራውተሩ ያው ነው፣ የመመሪያው መጽሐፍም ያው ነው። እንጅባራ ላይ ሲደርስ የሚደነዝዝ ነገር የለም። ከፍቼ አሳየዋለሁ።

እዚያስ ዛሬም ይከፈት እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ እስከዚያው ታገሡኝ።

ኑኃሚን


ዳንግላ
ነሐሴ 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ኑኃሚን፣

አጭር ነው የምጽፍልሽ።

እዚያ ይከፈታል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ ካልተከፈተልሽ እኔ እዚህ ማዶ ሆኜ ምን ልበልሽ? ብቻ የጻፍሺውን ትእዛዝ አትንኪው። እንዳለ ይቀመጥ። ማዞሪያ ቤትም ቢሆን እኔ የሰካሁትን ገመድ መጥቶ የሚነካካ ሰው አልወድም ነበር።

ደግሞ ወፍራም ሹራብ ግዢ። የቆሰበር ዝናብ በዚያ በስስ ነጠላ አይወጣም።

በለጡ


እንጅባራ
ነሐሴ 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝናቡ ቀንና ማታ ነው፤ መብራትም ይሄዳል።

በማርታ ስልክ ስለ ማድቤቱ አስጠይቀውኛል። ደህና ነው። አጥሩም ደህና ነው። ስለ ደላላ ያስጠየቁኝ ደግሞ ከየት እንደሰሙ አላውቅም፤ ማንም አልመጣም፣ ማንም ግቢዎን አልለካም። ሁሉም እንደነበረ ነው።

የራውተሩን ነገር አልተውኩትም። ትእዛዙን እንዳሉኝ አልነካሁትም። ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ እያነበብኩ ነው። ትንሽ ጊዜ ቢወስድ ግን ምን ይደረጋል? ክረምቱም ይውጣ። ግቢ በክረምት ሲታይ ሁሉም ያስጠላል፤ ከመስቀል ወዲያ አበባውም ይወጣል።

ለጢሞቲዎስ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ራሱ እያነበበው ከሆነም ሰላም ብዬዋለሁ።

ኑኃሚን


ዳንግላ
መስከረም 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ ኑኃሚን፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሁሉም እንደነበረ ነው ማለትሽን አንብቤ ደስ አለኝ። ካሜራ ካሜራ እያልሽ ራስሽን አታስጨንቂ፤ ሱቅሽን ሥሪ።

ሰሞኑን ያ ማድቤት ሲሠራ የነበረው ትዝ ይለኛል። ባልተቤቴ ጭቃውን በደንብ ሳያቦካ መርጎት ተሰነጠቀበትና አፍርሶ እንደገና ጀመረ። ጭዱ የጤፍ ሲሆን ነው የሚይዘው፤ የስንዴ ጭድ ጭቃውን አያስማማውም። የጥጉን ምሰሶ ደግሞ እሱ ራሱ ከወገቡ በላይ ብቻ እስኪታይ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው የቆፈረለት። ከዚያ ባነሰ ጉድጓድ የቆመ ምሰሶ የሚቀጥለውን ክረምት አያይም። ይህን የምጽፈው እንዲሁ ትዝ ስላለኝ ነው፤ ሽማግሌ ሲሆኑ እንዲህ ነው።

ጢሞቲዎስ፣ አንተም አንብበው። አባትህ ቤት እንዴት እንደሚያቆም ታውቅበታለህ።

ጭቃ የሚረግጥ ሰው እግሩን ቅቤ ይቀባ። ይሰነጣጠቃል።

በለጡ


እንጅባራ
መስከረም 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

(በማርታ እጅ፤ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ)

ለውድ አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ደርበው ለማርታ ብቻ በእጇ እንዲሰጥ አስምዬዋለሁ።

ዋሽቼዎታለሁ። ማድቤቱ ደህና አልነበረም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ካሜራውን በሰቀልን ሰሞን፣ የጓሮው ግድግዳ በዝናብ ወደቀ። የጓሮውን አጥርም ይዞት ሄደ። ከፍቼ አሳየዋለሁ ብዬ ስጽፍልዎም ወድቆ ነበር፤ በንዴት ነው የጻፍኩት። ለእርስዎ ብጽፍ ጢሞቲዎስ ያነበዋል፤ ካነበበው ደግሞ ቤቱ ለሰው አይሆንም ይላል፤ እርስዎም በቃልዎ መሠረት ይፈርማሉ። ቃልዎን እንደማያጥፉ ስለማውቅ ነው የዋሸሁት። ሱቄም ከግቢው ጋር እንደሚሄድ አልረሳሁም፤ ግን እሱን ብቻ ብዬ እንዳይመስልዎ።

ደላላም መጥቶ ነበር። ጢሞቲዎስ የላከው ነው። ገዢ አስከትሎ ሜትሩን ዘርግቶ ሊለካ ሲጀምር ሜትሩን ከእጁ ነጥቄ በአጥሩ ላይ ወረወርኩበት። ወገኔ በአገውኛ የነገረውን አልተረጉምልዎትም። እናትና ልጅ እንዳይጣሉ ብዬ ነው የደበቅኩት።

ዝናቡ ጋብ ሲል ግድግዳውን ማቆም ጀመርን። ወገኔ ምሰሶውን አቆመ፤ ጎረቤትዎ ማናለብሽ የጤፍ ጭድ ከግምጃ ቤት ከተማ አስመጣች፤ ጭቃውን እኔው ረገጥኩ። ጉድጓዱን በደብዳቤዎ እንዳሉት አስጠለቅነው። እንዴት በሰዓቱ ትዝ እንዳልዎ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ የጓሮው ግድግዳ ከሌላው ጠቁሮ ያሳብቃል።

ሽማግሌዎቹ ጥቅምት አንድ ቅዳሜ እንደሚቀመጡ ማርታ ነገረችኝ። እኔ ወስኛለሁ። የካሜራው ነገር በዚያ ቀን በድንገት ቢሠራስ ብዬ እሰጋለሁና ትእዛዙን ከራውተሩ ላይ አጠፋዋለሁ። ሳላይ አልፈርምም ብለዋል። እንግዲያውስ አይዩ! ካላዩ አይፈርሙም። ጢሞቲዎስ የሚያስበውን ያስብ፤ ከእንግዲህ አልፈራውም።

ኑኃሚን


ዳንግላ
መስከረም 23 ቀን 2007 ዓ.ም.

(ማርታ በእጇ ለደርበው የሰጠችው)

ኑኃሚን!

ያን ትእዛዝ እንዳትነኪው! ይህን ሳታነቢ ነክተሽው ከሆነ አሁኑኑ ተነሺና መልሺው።

ልጄ፣ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያየሁ ነው።

ማርታ የላክሽውን አድራሻ በጻፈች ጊዜ ግቢዬ ቦግ ብሎ ወጣ። ወገኔ መሰላሉን ይዞ ሲሄድ ጀርባውን አየሁት። እልልታዬን ማርታ በእጇ አፈነችው። አንቺ አልተከፈተም ብለሽ ስትጽፊ ግራ ገባን፤ ለምን እንደሆነ አላወቅንም፤ አሁንም አላውቅም፤ አንቺ ፈልጊው። ካሜራው በተሰቀለ ማግስት ጠዋት ስንከፍተው ግን የማድቤቱ ግድግዳ መሬት ላይ ተኝቷል። አንቺ በስስ ነጠላ ዝናብ ውስጥ ቆመሽ ሁለት እጅሽን ራስሽ ላይ ጭነሻል። እኔና ማርታ ተያየን። ጢሞቲዎስ ካየው ጉዳዩ አለቀ። ማርታ ያን የጫፉን ቁጥር አጥፍታ አድራሻውን ሰጠችው፤ እሱም በደብዳቤሽ ያነበበውን ቁጥር ልብ ሳይል ሞክሮ ምንም የለም አለሽ። ለባሏ እንዲህ ማድረግ ቀሏት አይደለም። «እማማ፣ እኔም አንድ ቀን ምራት ቤት ልኖር እችላለሁ» አለችኝ።

እንዳልጽፍልሽ ደብዳቤውን እሱ ያነበዋል። በስልክ እንዳትነግርሽ ደግሞ እኔ ከለከልኳት፤ አንቺ መዋሸት አትችዪም፤ ካወቅሽ ለጢሞቲዎስ በመጀመሪያው ጥያቄ ታፈርጪዋለሽ ብዬ። ተሳስቻለሁ። ሁሉም እንደነበረ ነው ብለሽ ስትጽፊ ዓይንሽን እንኳ አላሸሽም።

በየማለዳው ማርታ ሱቁን ስትከፍት አብሬያት እገባለሁ። እኔ ደንቆሮ፣ ካሜራው ደንቆሮ፤ ተስማምተናል። ሜትሩን ስትወረውሪ አይቻለሁ። ወገኔ የሚለው ባይሰማኝም እጁ ይበቃኝ ነበር። መጀመሪያ የስንዴ ጭድ ስትደባልቂ አይቼ ልሞት ነበር። ምሰሶውን ጉልበት በማትደርስ ጉድጓድ ሊያቆሙት ሲሉ ጠረጴዛውን መታሁት። ለዚያ ነው የጻፍኩልሽ። አንድ ቀን ደግሞ ካሜራው ሥር ተቀምጠሽ ብቻሽን ስታለቅሺ አየሁ። ኮምፒውተሩን እጄን ዘርግቼ ዳሰስኩት።

አሁን ስሚኝ። አልደበቅም። ግድግዳው ወድቆ የነበረ ጊዜ ደበቅኩ፤ አሁን ቆሟል። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ማርታ የጫፉን ቁጥር ትጨምርላቸዋለች። ግቢውን አታስጊጪ። እርጥቡን ግድግዳ በምንም አትሸፍኚ። በሩን ብቻ ክፍት አድርጊው። አይቼ እወስናለሁ ብያለሁ፤ አይቻለሁ።

በለጡ


እንጅባራ
መስከረም 26 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

አልነካሁትም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ራውተሩ ፊት ተቀምጬ ነበር።

ምክንያቱንም አገኘሁት፤ በራሴ ስቄ ሞትኩ። ከሱቁ ወጥቼ አስፋልቱ ጋ ሄድኩና የስልኬን ዋይፋይ አጠፋሁት። በራሱ በሞባይል ካርዱ ስከፍተው ግቢው ወዲያው መጣ። ለካ ስልኬም ኮምፒውተሮቼም ሁሉም የሚጠጡት ከዚያው ከሱቄ ራውተር ነው። ውስጥ ተቀምጬ በውጭው አድራሻ ስጠራ፣ ይህ ራውተር ደግሞ ውስጥ ያለን ሰው በውጭው በር አያስገባም። ለውጭ ሰው ሲከፍት ኖሯል፤ የተዘጋው በእኔ ላይ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ወደ ውጭ ወጥቼ አልሞከርኩትም።

ሹራቡን ገዝቻለሁ። ቅዳሜ በሩ ክፍት ነው።

ኑኃሚን


ቆሰበር
ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለጢሞቲዎስ
ዳንግላ

ሰላምህ ይብዛ፣ የኔ ልጅ።

በሰላም ገብቻለሁ። ለዳሌሽ አይሆንም ያልከው መንገድ እውነትህን ነው፣ አሞኛል። ደርበው ጉድጓድ ባየ ቁጥር ወደ እኔ እየዞረ ይቅርታ ሲለኝ ሌላ ጉድጓድ ይገባ ነበር። ቢሆንም ደረስኩ። ኑኃሚን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ልደግፍዎ አላለችኝም፤ መንገዱን ብቻ ለቀቀችልኝ። ምርኩዜን ይዤ በራሴ እግር ገባሁ።

ሽማግሌዎቹ ፊት እንዳሳፈርኩህ እንደሚሰማህ አውቃለሁ። ማርታን ምንም እንዳትላት፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። አጎትህ ሸጋው ከአዘና ድረስ መጥተው ምስሉ ላይ ጣታቸውን ቀስረው «ይኸውላችሁ፣ ግድግዳው እርጥብ ነው» ሲሉ ያልኩትን አንተም ሰምተሃል። አሁንም እደግመዋለሁ። እርጥብ የሆነው አዲስ ስለሆነ ነው። እኔ ሳልኖር ሰው አቁሞልኛል። ሰው የሚያቆመው ቤት ደግሞ ለሰው የሚሆን ቤት ነው። ቃልህ ይኸው ነበር፤ ቃልህን ስለጠበቅክ አመሰግንሃለሁ። ስትወጣ በሩን በኃይል እንደዘጋኸው ማርታ ነገረችኝ። እንኳንም እኔ አልሰማሁት።

ብቻሽን ትሞቻለሽ ያልከኝን አስቤበታለሁ። ምናልባት። ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ ማናለብሽ ጠዋት ትመጣለች፤ ወገኔ ማታ በሩን ይዘጋል፤ ኑኃሚን ሱቁ ውስጥ ናት። ደግሞም የምሞትበትን እንጂ የምኖርበትን የነገረኝ የለም። የምኖረው እዚህ ነው።

ካሜራውን እንድታወርደው ልትጠይቃት ነበር አሉ። አይወርድም። ትእዛዙም ራውተሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ለአንተ ነው የተውኩልህ። ጠዋት ሱቅህን ስትከፍት አድራሻውን ጻፍ፤ የጫፉን ቁጥር እንዳትረሳ፣ ያለሱ አይገባም። ፀሐይዋ ወደ ደጃፌ ስትደርስ ወንበሬን አውጥቼ ወደ ካሜራው ዞሬ እቀመጣለሁ። እጄን አንስቼ ካወዛወዝኩልህ ሰላም ነኝ ማለት ነው። ካላነሳሁ ደግሞ አኩርፌሃለሁ ማለት ነው፤ ያን ቀን ሱቅህን ዝጋና በደርበው ሚኒባስ ና። በሩን በኃይል ዝጋው ከፈለግክ፤ አዲስ ምሰሶ ነው፣ ይችለዋል።

እናትህ
በለጡ
ከገዛ ቤቷ